የማህፀን ኪራይ ውል ሲመጣ ሴቲቱን ማን ይጠብቃት?

የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ ሰሞኑን ስለ ማህፀን ኪራይ፣ ማለትም ለሌላ ሰው ልጅ አርግዞ ስለመውለድ፣ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። መልሱ ይህን ያህል ይበዛል ብዬ አልጠበቅሁም። ዘግይታችሁ የገባችሁ ብዙ ናችሁ። የመልሶቹን ክር ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ፣ የተባለውን በየቁጥሩ ልንገራችሁ። የሰውን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ ፍሬ ነገሩን ነው የማወራው። የራሴንም አቋም አልደብቅም።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ኮምቦልቻ የምትኖር አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። ከፋብሪካ ሥራ ከወጣች ቆይታለች። አንድ ልጅ ታሳድጋለች። ደላላ መጣባት፤ በዚህኛው ዙር ግን ለቤት ሠራተኝነት አይደለም። ውጭ አገር ሄዳ፣ መውለድ ላልቻሉ ባልና ሚስት ልጅ እንድትወልድላቸው ነው። ቤቱም፣ ምግቡም፣ ሕክምናውም በእነሱ እንደሆነና ስትጨርስ ገንዘቧን ይዛ እንደምትመጣ ነገራት። ውሉን በስልኩ አሳያት። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። በአውራ ጣቱ ወደ ታች እየገፋ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ቆመ፦ የገንዘቡ መጠን ላይና የምትፈርምበት ቦታ ላይ። ፎቶ ላንሳው ስትለው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እኔ የጠየቅሁት ነገሩ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ብዬ አይደለም። ይፈቀድም ይከልከልም፣ ሕጉ ሲጻፍ መነሻው የምታረግዘዋ ሴት ትሁን ነው ያልኩት። የእሷ ጠበቃ ማነው? ገንዘቡን ማን ይያዝላት? ከወለደች በኋላ ብትታመም ማን ያሳክማታል? ባልና ሚስቱ ቢፋቱ፣ ወይም ሕፃኑን አንፈልግም ቢሉስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገሩ ሲበላሽ ተከሳሽዋ እሷ መሆን የለባትም።

ከ1 እስከ 5

1ኛዋ መላሽ ከሸዋ በር ናት። በሰላምታ ጀምራ ያልገባትን በቅንነት ጠየቀች። ልጁ በደም የማን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ዛሬ በብዛት በሚሠራው አሠራር የሴቲቱ እንቁላል አይነካም። ከባልና ሚስቱ፣ አንዳንዴም ከለጋሽ፣ የተወሰደ እንቁላልና የወንድ ዘር ላቦራቶሪ ውስጥ ይዋሃዳል፤ ፅንሱ ከዚያ ማህፀኗ ውስጥ ይቀመጣል። በዘር አይዛመዳትም። የሚያድገው ግን በእሷ ሰውነት ነው፣ የምታምጠውም እሷ ናት።

2ኛዋ ደሴ ውስጥ ለዓመታት ያዋለደች አዋላጅ ነርስ ናት። ከሁሉም መልስ የጠቀመኝ የእሷ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ፅንሱ ከመቀመጡ በፊት ሴትዮዋ ማህፀኗን የሚያዘጋጅ ሆርሞን ትወስዳለች። ከዚያ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ይከተላል። ብዙ ጊዜ በዘይት የተዘጋጀ መርፌ ነው፤ ዳሌ ላይ ይወጋል፣ በየቀኑ፣ ለሳምንታት። ቦታው ይጠጥራል። በጎን መተኛት ሳይቀር ያስቸግራል። ክሊኒኩ ቶሎ እንዲሳካ ብሎ ሁለት ፅንስ ካስቀመጠ መንታ ሊመጣ ይችላል። መንታ ሲሆን የደም ግፊቱም፣ ያለ ቀኑ መወለዱም፣ ኦፕራሲዮኑም ይጨምራል። እዚህ ላይ በካናዳ ኦንታሪዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ጠቀሰች። በራሳቸው ካረገዙት እናቶች ከባድ ሕመም የገጠማቸው 2.3 በመቶ ናቸው። በአይቪኤፍ፣ ማለትም ላቦራቶሪ ውስጥ በተዋሃደ ፅንስ፣ ለራሳቸው ካረገዙት 4.3 በመቶ፣ ለሌላ ሰው ካረገዙት ደግሞ 7.8 በመቶ። ያውም ጥሩ ሆስፒታል ባለበት ካናዳ።

ቀጥላ የጻፈችው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ኦፕራሲዮን ተሠርታ የተመለሰች ሴት፣ ቀጣዩን ልጇን ስታረግዝ ጠባሳው አብሯት አለ። ያኔ ግን ክሊኒክም ደላላም አጠገቧ የለም። ኩታበር ገጠር ውስጥ ሆና ምጥ ቢመጣባትና መኪና እስኪገኝ ቢመሽ፣ ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል። ዘጠኝ ወር ተብሎ የተከፈላት ነገር ለሚቀጥለው ወሊዷም ይተርፋል ማለት ነው።

3ኛው ተቆጣ። ይህ ነውር ነው፣ ለውይይትም መቅረብ የለበትም፣ ወሎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ራሱ ልጆቻችንን ማስለመድ ነው የሚል ሐሳብ ነው ያለው። እኔንም የደላላ አስተዋዋቂ አድርጎ ወቀሰኝ። አልመለስኩለትም። ደላላው እንደሆነ እኔ ዝም ስላልኩ አይቀርም።

4ኛው መልስ የአንድ አባት ነው፤ ሸህ ናቸው። ድምፃቸው የረጋ ነው። አብዛኞቹ የሱኒ ዓሊሞች ይህን እንደማይፈቅዱ አስረዱ። ምክንያቱም በባልና በሚስት መካከል ሦስተኛ ሰው ስለሚገባና የልጁ ዘር ስለሚደበላለቅ ነው። ግን ቸግሯት የተታለለችን ሴት መዝለፍ ደግሞ ሌላ በደል ነው ብለው ለ3ኛው በለዘብታ ምክር ሰጡት። 5ኛው የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነው። በኦርቶዶክስም በኩል ጋብቻንና መውለድን የሚለያይ ነገር ተቀባይነት እንደሌለው ገልጾ፣ የቀረውን ከሸሁ ጋር ተስማማ። እንዲህ ያለ መስማማት እኛ አገር ብርቅ አይደለም።

ከ6 እስከ 8

6ኛው ሁሉን በአጭሩ ሊቋጨው ፈለገ። መውለድ ያልቻለ ሰው፣ ፈረንጅም ቢሆን፣ ከእኛ አገር በጉዲፈቻ ልጅ ይውሰድ፤ ማህፀን ምን አስከራየው የሚል ነው።

7ኛዋ ደሴ የምትኖር፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። በ3ኛውና በ6ኛው ላይ ቀጥ ብላ መጣች። ያልወለደችን ሴት ምን እያሏት እንደምትኖር ታውቃላችሁ ወይ ነው ጥያቄዋ። ጠበል ሄዳለች። ዱአ አስደርጋለች። የባሏ እናት በቡና ላይ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ሌላ ያግባ ብለዋታል። ባሏ ግን አንድም ቀን አልተመረመረም። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቶ አይቪኤፍ በመንግሥት ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ ተስፋ አድርጋለች፤ ለመመርመር የተስማማው ግን ገና አሁን ነው። ልጅ ፈላጊዎቹን ሁሉ እንደ ገበያተኛ አታድርጓቸው አለች። ልክ ናት። እዚህ ክር ላይ የምታረግዘዋን እንጂ ልጅ የምትጠብቀዋን ሴት ያስታወሰ ሌላ ሰው አልነበረም። መካንነት ከባልም ሊመጣ እንደሚችል አዋላጇም ከሥሩ አረጋገጠች። ሁለቱም ወገን አብሮ ካልተመረመረ ሕክምናው ግማሽ ነው።

8ኛው ኮምቦልቻ የሚሠራ ጠበቃ ነው። መጀመሪያ 6ኛውን አረመ። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሚደረግ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ተዘግቷል። ቀጥሎ ስለ እናትነት ጻፈ። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናት ማለት የወለደችው ሴት ናት። ለእናትነት ከመውለድ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ያገባች ከሆነች ደግሞ ሕጉ አባት ብሎ የሚገምተው ባሏን ነው። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ቢኖረውም መሠረቱ ያው ነው። እንግዲህ ልጅቷ አርግዛ ተመልሳ ደሴ ላይ ብትወልድ፣ የፈረመችው ወረቀት ምንም ይበል፣ በእኛ ሕግ ልጁ የእሷ ነው። እዚያ ባለው ሕግ ደግሞ ምናልባት የእሷ አይደለም። ለዚህ ነው ጠበቃው ደላላው የትኛውን አገር እንደጠራ ደጋግሞ የጠየቀኝ። ልጅቷን ስጠይቃት መጀመሪያ አልነገራትም፣ ኋላ ላይ ጆርጂያ ብሏታል። ጆርጂያ ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ የፈቀደች አገር ናት። እዚያ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፉት ልጁን የሚወስዱት ናቸው። ወላዷ በልጁ ላይ መብት የላትም።

ከ9 እስከ 12

9ኛው ሕንድ የተማረ ሰው ነው። ክሩ ከዚህ በኋላ ነው የከረረው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በክፍያ የሚደረገውን ፈቅዳ ቆየች። ጉጃራት ውስጥ አናንድ በምትባል ከተማ እርጉዞቹ እስኪወልዱ ድረስ በአንድ ቤት ተሰብስበው፣ አልጋ ለአልጋ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። የራሳቸው ልጆች ሰፈር ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለውጭ አገር ሰዎች ተዘጋ። በ2021 በወጣው ሕግ ክፍያው ራሱ ተከለከለ። አሁን የሚፈቀደው ያለ ክፍያ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ያገባች ወይም አግብታ የምታውቅ፣ የራሷ ልጅ ያላት፣ ከ25 እስከ 35 ዓመት መሆን አለባት። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀድላት። የ36 ወር የጤና መድን ይገባላታል። 9ኛው ሕንድን ተከትለን እንዝጋው ባይ ነው።

ይህ የ36 ወር መድን በእውነት ወድጄዋለሁ። ክፍያውን ሲዘጉ ግን ደላላው ሱቁን ዘግቶ እርሻ አልገባም። 10ኛዋ ያስረዳችው ይህንኑ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ለውጭ ሰዎች ዘጋች። በዚያው ዓመት ኔፓል ዘጋች። ሥራው ወደ ካምቦዲያ ሄደ። ካምቦዲያም በ2016 ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ፖሊስ ዋና ከተማዋ ፕኖም ፔን ላይ 33 እርጉዝ ሴቶችን ያዘ። የተከሰሱት በሰው መነገድ ወንጀል ነው። አርግዘው፣ ታስረው፣ ተከሰው። የተፈቱት ልጆቹን እንደ ራሳቸው ሊያሳድጉ ተስማምተው ነው። በዘር የማይዛመዳቸውን፣ የሚያበሉት ሳይኖራቸው። የእኔ ፍርሃት ይኸው ነው። ተጎጂዋን የሚያስር ክልከላ ከወጣ፣ ደላላው የሚያስፈራራበት አዲስ ዱላ ያገኛል። ከተናገርሽ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ ይላታላ።

11ኛው በ10ኛዋ ላይ ጮኸ። ፈቃድ ለመስጠት ሰበብ ትፈልጋላችሁ ብሎ ሁላችንንም አንድ ላይ ፈረደብን። 10ኛዋም አልተወችውም፤ መልሷ ስድብ ስለነበረበት የመድረኩ አስተባባሪ አጠፋው። እኔም ባይደገም ደስ ይለኛል።

12ኛዋ ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች የሐይቅ ልጅ ናት። ኮንትራት የሄደ ሁሉ ያወቀውን ነው የነገረችን። አዲስ አበባ ላይ የፈረመችው አንድ ነው፣ እዚያ ስትደርስ የቀረበላት ሌላ ነው። ደመወዙ ቀንሷል፣ የዕረፍት ቀኑ ጠፍቷል። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሥራው ሲከብዳት ቢያንስ በር ከፍታ መሮጥ ትችል ነበር፣ አንዴም ሞክራለች። አርግዛ ቢሆን ወዴት ትሮጣለች? ከምንም በፊት መጠየቅ ያለበት ፓስፖርቱ በማን እጅ እንደሚቆይ ነው አለች። በእኔ ጥያቄዎች ላይ አንደኛ አድርጌ ጨምሬዋለሁ።

ከ13 እስከ 16

እዚህ ላይ ውይይቱ ከመንገድ ወጣ። 13ኛው ልጆቹ ለምን ደላላ ይሰማሉ ብሎ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አነሳ። አጎዋ፣ ያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል፣ በ2014 ዓ.ም. ሲቋረጥ፣ ጦርነቱም ሲጨመር ስንቱ ሥራውን እንዳጣ ተጻፈ። 14ኛዋ ስለ ቤት ኪራይ፣ 15ኛው ደግሞ ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ኮምቦልቻ ስላለው የታክሲ ታሪፍ አወሩ። አስተባባሪው መለሳቸው። 13ኛው ግን ከርዕስ የወጣ አይመስለኝም። ልጅቷ ውሉን ያየችው የሁለት ወር የቤት ኪራይ ቀርቶባት ነው።

16ኛው ለፈቃዱ የተሟገተ ሰው ነው። ዘመዶቹ አሜሪካ አሉ። የካሊፎርኒያን አሠራር ዘርዝሮ ጻፈ። ሴትዮዋ ከባልና ሚስቱ ጠበቃ የተለየ የራሷ ጠበቃ ሊኖራት ግድ ነው። ውሉ ሳይፈረም መድኃኒት አይጀመርም። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን ሒሳብ ይቀመጣል። አዋቂ ሴት ነች፣ ወስና ልትሠራ ስትል እናንተ ማን ናችሁ ነው ያለው።

ከ17 እስከ 21

17ኛዋ ለእሱ የሰጠችው መልስ ስል ነበር። ካሊፎርኒያ ያለችው ሴት ቋንቋው የራሷ ነው፤ ፖሊስ ብትጠራ ይመጣላታል፤ ካልፈለገች ወደ ቤቷ ትነዳለች። የእኛ ልጅ ከእነዚህ አንዱም የላትም። ሕጉን ከነወረቀቱ ብናመጣ፣ ያ ሁሉ አብሮ አይመጣም ባይ ናት። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ችግረኛ ወስና ፈረመች ከማለታችን በፊት፣ እምቢ ብትል ምን እንደሚጠብቃት መጠየቅ አለብን።

18ኛው መልስ የጠበቃው ነው፣ ሁለተኛ መምጣቱ ነው። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካን አነሳ። እዚያ ፅንሱ ከመቀመጡ በፊት ስምምነቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ሴትዮዋ የራሷ ልጅ ያላት መሆን አለባት። ከወጪዋና ካጣችው ገቢ በላይ ክፍያ አይፈቀድም። ከሰማኋቸው ሁሉ ልቤ ወደዚህ ያደላል። ዳኛ ፊት ስትቀርብ ቢያንስ አንድ ሰው ዓይኗን አይቶ ገብቶሻል ወይ ብሎ ይጠይቃታል።

19ኛዋ እኔ የመጨረሻ ያደረግሁትን ጥያቄ አነሳችው። ሕፃኑን ባይወስዱትስ? እ.ኤ.አ. በ2014 ታይላንድ ውስጥ ለአውስትራሊያውያን ባልና ሚስት መንታ የወለደችውን ሴት አስታወሰች። ሴቷን ሕፃን ወሰዱ። ዳውን ሲንድረም ያለበት ወንዱ ወላዷ ጋር ቀረ፣ እሷም አሳደገችው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ድንበር ሲዘጋ፣ ዩክሬን ኪየቭ ውስጥ ለሌላ ሰው ባረገዙ ምትክ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ወላጅ ሳይመጣላቸው ሆቴል ውስጥ ተደርድረው ቆዩ። 20ኛው ስለ ሕፃናቱ ዜግነት ጠየቀ፣ ጠበቃው እንደየአገሩ ነው ብሎ በአጭሩ መለሰ።

21ኛው መልስ ላይ 7ኛዋ ተመለሰች። ክርክሩ ወላዷ ሐሳቧን ብትቀይርስ የሚል ነበር። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ሕጋዊ እናት የወለደችው ናት። ፈቃዷም ከወለደች ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ቢሰጥ አይጸናም። 7ኛዋ ይህ ስንት ዓመት የጠበቀችን ሴት ስድስት ሳምንት በሲኦል ማኖር ነው አለች። ሕመሟ ይገባኛል። እኔ ግን ስድስቱን ሳምንት አልለቅም። ምጥ ላይ ያለች ወይም ገና ከማደንዘዣ ያልነቃች ሴት የምትፈርመው ፊርማ ፊርማ አይደለም።

ከ22 እስከ 24

22ኛው እንደገና አዋላጇ ናት። ሁላችንም ሕፃኑ እስኪወለድ ተከራክረን ከዚያ በኋላ ያለውን እንደረሳን ነገረችን። ሕፃኑ በተወሰደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ወተቷ ይመጣል። ጡቷ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ትኩሳት ይይዛታል፣ ልብሷ ይረጥባል። የሚጠባ የለም። ማንም አስቀድሞ ካልነገራት የታመመች ይመስላታል። የደም ግፊት ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል፤ አውሮፕላን ላይ ቢነሳባትስ? ስለዚህ ውሉ ላይ የመመለሻ ቀኗ ስድስት ሳምንት ከመሙላቱ በፊት እንዳይሆን፣ ማረፊያዋና ሐኪሟም እስከዚያ እንዲከፈል ትፈልጋለች። ደሴ ስትመለስም ቢያንስ አንድ ዓመት የምትታይበት ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ ብላለች።

23ኛው ጠበቃው ነው። በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በማታለል ወይም ችግርን መጠቀሚያ አድርጎ ለብዝበዛ የሚመለምልን ሰው እንደሚቀጣ አስታወሰ። ደላላ ያነጋገራት ማንኛዋም ሴት የድምፅ መልእክቱን፣ የስልክ ቁጥሩንና የተላከላትን ሁሉ ሳታጠፋ እንድታስቀምጥ መከረ። ቅጂ የማይሰጥ ውል ላይ ደግሞ ፈጽሞ እንዳትፈርም።

24ኛው፣ ያ የካሊፎርኒያው ሰው፣ ይህን ሁሉ ከጫናችሁ ወጪው ይንራል፣ ባልና ሚስቶቹ ወደሌላ አገር ይሄዳሉ አለ። ይሂዱ ብዬ መልሼለታለሁ። ለስድስት ሳምንት ማረፊያና ሐኪም ወጪ የሚሸሽ ሰው የእኛን ልጅ ባያስረግዝ ይሻላል። አዋላጇ የጻፈችውንና 12ኛዋ የጨመረችውን የፓስፖርት ጥያቄ ጠበቃው በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ እያዘጋጀው ነው። ሲያልቅ ከላይ እሰቅለዋለሁ። ሐርቡ፣ ባቲና ከሚሴ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ውል ያያችሁ ካላችሁ፣ ስም ሸፍናችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።